ሁለተኛ መደብ

በሁለት ሺህ ዘጠና ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሚያዝያ ወር ላይ፣ ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ ሁለት ጎረምሶች በአንዲት ልጅ ሰበብ ተደባደቡ። አንደኛው «ይቅርታ ያድርጉልኝና አፍንጫዎን ልሰብረው ነው» አለ። ሌላኛው «ይሞክሩት፣ የሚያለቅሱት እናትዎ ናቸው» ብሎ መለሰ። አፍንጫ ተሰበረ። ከራሳቸው በላይ፣ ከኒሙ ዛፍ ላይ የተንጠለጠለችው መብራት ከመጀመሪያው ቡጢ እስከ መጨረሻው ነጭ እንደሆነች አመሸች። በማግስቱም መንገዱ ምንም የክብር ጉድለት ያልታየበት ተብሎ ተመዘገበ።

መስከረም ላይ የተሰቀሉትን እነዚህን መብራቶች ሰዉ አማት ይላቸዋል። የጋራ ስፍራ መከባበር ጽሕፈት ቤት ያወጣላቸው ረጅም ስም ነበር፤ ማንም አልያዘውም። አማት የተባሉት ግን በከንቱ አይደለም። ሁሉን ይሰማሉ፣ እምብዛም አይናገሩም፣ ፊታቸው ብቻ ይለዋወጣል። ነጭ ከሆነች ሰላም ነው። አንድ ሰው ሌላውን አንተ ወይም አንቺ ካለ ቢጫ ትሆናለች፤ ያኔ ተናጋሪው አሥር እስኪቆጠር ያንኑ ነገር በእርስዎ ደግሞ መናገር አለበት፤ አለዚያ የተነገረው ሰው «ክብሬ አልተነካም» ማለት አለበት። ሁለቱም ካልሆነ ትቀላለች። ስትቀላ የዚያ ጠረጴዛ ወንበሮች ቀስ ብለው መሬት ውስጥ ይገባሉ፤ የተቀመጠውም ሰው ሻዩን እንደያዘ ቆሞ ይቀራል። በዓመት ሦስት ጊዜ የቀላችበት ቤት ወንበሮቹ በሙሉ ይገቡና ቦታው ይነጠቃል።

ሰው ለመደው። ሲመሽ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ ከቤቱ የሚወጣው ቁልፉንና እርስዎውን ይዞ ሆነ። ፍቅረኛሞች «እወድዎታለሁ»፣ «እኔም እርስዎን» እየተባባሉ በኒሙ ጥላ ስር ያልፋሉ። አንቺ ማለት ያማረው ጎረምሳ ልጅቷን እስከ ቤቷ ደጃፍ ይሸኝና በሩ ከተዘጋ በኋላ በቁልፍ ቀዳዳ ይላታል። ጠረጴዛ ስር የገባች ድመት እንኳ «ይውጡ እንጂ» ነው የምትባለው። አማት ድመትን ከሰው ትለያለች የሚሉ አሉ፤ ለመሞከር የደፈረ ግን የለም።

ይሄ ለሌላው አገር ሰው ቀላል ሊሆን ይችላል። የድሬ ሰው ግን ዳኛውንም ሊስትሮውንም፣ የሰማኒያ ዓመት ሽማግሌውንም ትናንት የተወለደውንም አንተ ብሎ ነው ያደገው። እርስዎ የሚባል ቃል መኖሩን አያጣውም፤ በዜና ሰምቶታል። በድሬ እርስዎ የሚባል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንድም ፖሊስ ነው፣ አንድም የተጣሉት ሰው ነው።

ከሁሉ የባሰባት ዘይቱና ናት። ዘይቱና ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ከዚራ ላይ ስድስት ጠረጴዛ ያላት ሻይ ቤት አላት፤ ሙሸበክ የሚባለውን እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ጣፋጭ ትጠብሳለች። ገበያተኛ የሚሸጥበትን ቦታ መደብ እንደሚለው እሷም ሻይ ቤቷን መደቤ ነው የምትለው። ከመደቡ ጀርባ አንድ ክፍል አለች፤ እዚያ ውስጥ ዘይቱናና የአሥራ ስምንት ዓመቷ ልጇ ኢፍቱ ይኖራሉ። ቦታው ከሄደ ክፍሏም አብራ ትሄዳለች። ይሄንን ኢፍቱ ስትተኛም ስትነሳም ታስበዋለች፤ ምክንያቱም አማት ሁለት ጊዜ ቀልታባቸዋለች።

የመጀመሪያው በጡረተኛ ዳኛ ነው። ዳኛው እግራቸውን መተላለፊያው ላይ ዘርግተው ጋዜጣ ሲያነቡ አንዲት እርጉዝ ሴት መጣች። ዘይቱና «አንተ፣ እግርህን ሰብስብና ትለፍበት» አለቻቸው። ዳኛው ሰበሰቡ፣ ሴትየዋ አለፈች፣ ሁሉም ደስ አለው። አማት ቢጫ ሆነች። ዘይቱና ቀና ብላ አየቻትና «አንቺ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለቻት። ወዲያው ቀላች።

ሁለተኛው በአንድ ሰካራም ነው። ሰውየው ከሻይ ቤቷ አጠገብ ባለው ቦይ ጠርዝ ላይ እየተንገዳገደ ነበር፤ የትም ቢወድቅ ግድ ያለው አልነበረም። በጎኑ ያለፉት ሁሉ «ይጠንቀቁ» እያሉት አለፉ። ዘይቱና ሄዳ በክንዱ ያዘችውና «ና ልጄ፣ ቤትህ የት ነው? ማንን ልጥራልህ?» አለችው። በአንድ ትንፋሽ ሦስት አንተ። እሷ ሰውየውን አድርሳ ስትመለስ ለቦዩ የቀረበው ጠረጴዛ ወንበር አልነበረውም።

ሦስተኛው እንዳይመጣ ኢፍቱ እናቷን ማስተማር ጀመረች። ቀን ቀን፣ በሩን ዘግተው፣ አማት በማትሰማበት። ኢፍቱ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ትምህርቷን ያቆመችው፤ አስተማሪ ሆና እንደማታውቅ በመጀመሪያው ቀን ገባት።

«ና አይባልም። ይምጡ ነው የሚባለው» አለቻት።

«ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«የሚመጡት ናቸዋ። ይምጡ ካልሽ ብዙ ናቸው ማለት ነው። ሻዩ አይበቃም።»

«አንድ ሰው ነው እማ። አንዱን ሰው ነው ይምጡ የምትይው።»

«አንድ ሰው ከሆነ ና ይበቃዋል፣ አቦ።»

እንዲህ እያሉ ሳምንት ሄደ። ዘይቱና ይ ትዝ ሲላት ዎ ይጠፋባታል፤ ዎ ስትይዝ ይ ያመልጣታል። አንዴ ስኳሩን «እርስዎ የት ገቡ?» ስትለው ኢፍቱ ሰምታለች። በስምንተኛው ቀን ግን ምላሷ ተፈታ፣ ወይ ታሰረ። ማታ ሙሳ መጣ።

ሙሳ ልብስ ሰፊ ነው፤ ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ዘይቱና ጋ ሻይ ጠጥቷል። ሚስቱ የሞተች ጊዜ ሰባት ቀን ምሳ ያመላለሰችለት ዘይቱና ናት፤ «ብላ፣ አለዚያ እሷም አትወድልህም» እያለች። ያን ማታ ሙሳ እንደ ወትሮው ጥግ ያለችውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ዘይቱና አንዴ አማትን አየች፣ አንዴ ኢፍቱን አየች፣ ከዚያ ልክ እንደ ተማረችው «እንዴት አመሹ? ሻይ ይፈልጋሉ?» አለችው።

ሙሳ መጀመሪያ ከኋላው ሰው ካለ ብሎ ዞሮ አየ። ማንም የለም። ፊቱ ተለወጠ። «ዘይቱና፣ ምን አጠፋሁ?» አለ።

«ምንም አላጠፉም። ይጠጡ።»

ሙሳ በብርጭቆው ዳር ዳር ጣቱን አዞረ፣ ሳይቀምሰው አስቀመጠው፣ «ገባኝ» ብሎ ተነሳ። አማት እንደ በረዶ ነጭ ነበረች። በሚቀጥሉት ቀናት ሌሎቹም ቀሩ። ዳኛው አንዴ መጥተው «ይቀመጡ» ሲባሉ «አይ፣ ቸኩያለሁ» ብለው ሄዱ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ቸኩለው አያውቁም። ከዚራ ላይ ካሉት ቤቶች ሁሉ ምንም ቢጫ ያልታየበት የዘይቱና ሆነ። ሙሸበኩ ሳይሸጥ እያደረ ይደርቃል። ዘይቱና ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ እጆቿን ታያለች፤ ኢፍቱ ምን እንደሆነች ስትጠይቃት «ደህና ነኝ፣ እያከበርኩ ነው» ትላለች።

በአምስተኛው ምሽት ሙሳ በማዶው መንገድ ሲያልፍ አዩት። ወደነሱ ላለማየት የራሱን ሱቅ ቁልፍ አርባ ዓመት አይቶት እንደማያውቅ ነገር ትኩር ብሎ እያየ ይሄዳል። ዘይቱና አፏን ስትከፍት ኢፍቱ ፈጥና አፏን በእጇ ያዘችው። ግን አንድ ሰው መጥራት ነበረበት። ኢፍቱ ያለ ምንም ሐሳብ፣ ሰው ሁሉ እንደሚለው፣ «ሙሳ፣ ኧረ የት ጠፋን?» ብላ ጮኸች።

ከዚያ ደንግጣ ቀና አለች። አማት ነጭ ናት።

ሙሳ ቆመ። «አለን» አለ።

ኢፍቱ አማትን እያየች ደገመች። «ለምን አንመጣም? ሻይ አንጠጣም እንዴ?»

ነጭ ናት። ሙሳ መንገዱን ተሻግሮ ወንበሩን ሳበ። ዘይቱና የልጇን እጅ ከአፏ ላይ አነሳች፣ ነገሩ ወዲያው ገብቷታል፤ ሞኝ ሴት አይደለችም። «ከሳን» አለችው ሙሳን፣ ከላይ እስከ ታች እያየች። «እራት አንበላም ማለት ነው?»

ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት ያ ቤት የከዚራ ሰርግ ቤት ሆነ። አንተ የለም፣ አንቺ የለም፣ እርስዎ የለም፤ ሁሉ ነገር እኛ ነው። ዘይቱና ሕፃን ያቀፈች እናት አጠገብ የሚያጨሰውን ሰውዬ «ሲጋራችንን እናጥፋ እንጂ፣ ልጁን እያሳልነው ነው» ትለዋለች፤ እሱም ያጠፋል። ዶሚኖ ተጫዋቾቹ «አቦ ምን ዓይነት አህዮች ነን፣ ስድስቱን ይዘን እንቀመጣለን?» እያሉ ይሰዳደባሉ፤ አማት ትህትና መስሏት ታበራለች። አንድ ልጅ አንዲቷን ልጅ «እንዋደዳለን» ብሎ ጠየቃት፤ «እንጃልን» አለችው። ከሌላው ቤት ሰው ብርጭቆውን ይዞ ይመጣ ጀመር። ኢፍቱ በአንድ ምሽት አራት ጊዜ ሙሸበክ አልቆባት ደገመች፤ ደስታዋ ግን እናቷን ስታይ ነው። ዘይቱና ከሰው ጋር ታርቃለች።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። ኢፍቱ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«ክብርት ወይዘሮ ዘይቱና፣ በቤትዎ ላለፉት አሥራ አራት ቀናት ሁለተኛ መደብ አልተመዘገበም። ሁለተኛ መደብ የት እንደገባ የሚያጣራ ባለሙያ ሐሙስ ማታ ይመጣል። እስከዚያው ይተባበሩ።»

ዘይቱና ማንኪያውን ጣለች። «ሁለተኛ መደብ? እኔ ሁለተኛ መደብ ከየት ይመጣልኛል? ያለኝ ይሄ አንድ ነው። ማን ነው ሁለት መደብ አላት፣ አንዱን ደብቃለች ብሎ ያወራብኝ?»

ኢፍቱም መጀመሪያ የመሰላት እንደዚያው ነው። ሌሊቱን ምቀኛ ሲቆጥሩ አደሩ። ንጋት ላይ ነው ኢፍቱ የአማርኛ አስተማሪዋን ያስታወሰቻቸው፣ በጠመኔ ሰሌዳውን ሦስት ቦታ ከፍለው፦ አንደኛ መደብ እኔና እኛ፣ ሦስተኛ መደብ እሱና እሷ፣ መሃል ላይ ደግሞ ሁለተኛ መደብ፣ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ።

«እማ፣ ሻይ ቤት አይደለም የሚፈልጉት። ሰዋስው ነው። ሁለተኛ መደብ ማለት አጠገብሽ ያለው ሰው ነው፣ የምታናግሪው። እሱ ጠፋ ነው የሚሉት።»

ዘይቱና አሰበችበት። «ሰዉማ ይኸው ሞልቷል» አለች።

ሐሙስ ማታ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ባለሙያው ደረሰ። ስሙ አቶ ልሳነወርቅ ይባላል፤ አርባ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከአዲስ አበባ በዚያው ቀን ማለዳ ነው የመጣው፤ በድሬ ሙቀት ሙሉ ልብስ ለብሶ ጀርባው ረጥቧል። ደረቱ ላይ ትንሽ ሰማያዊ የልብስ ቁልፍ አለች። ያቺን ቁልፍ ያደረገ ሰው የሚናገረውን አንተና አንቺ አማት አትቆጥርበትም። መከባበርን ለማስከበር የሚሠራ ሰው ሥራው ይበዛል፣ እርስዎ ለማለት ጊዜ የለውም፤ ደንቡ ላይ እንደዚህ ተጽፏል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ ኢፍቱን «ነይ» ብሎ ጠራት። ነገሩን አላደናገረም፤ ግልጽ ሰው ነበር። አማት የተሠራችው ሰው ሰውን ሲያናግር ለመስማት ነው፣ ሰው ሁሉ እኛ ከሆነ የምትሰማው የላትም፣ መሥሪያ ቤቱም ይሄ ብልጠት ወደ ሌላው መንገድ ሳይዛመት ያቁም ብሏል። ሆኖም እሱ ቤት ለማዘጋት አልመጣም። አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል።

«እናትሽ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በትክክል እርስዎ ብላ ታናግረኝ። አማት ትመዝግበው። እኔ ፈርሜ እሄዳለሁ፣ እናንተም መደባችሁን ይዛችሁ ትቀመጣላችሁ። ካላለች ግን፣ ያው ሦስተኛው ነው።»

ኢፍቱ ወደ ውስጥ ገብታ እናቷን በሁለት ትከሻዋ ያዘቻት። አንድ ዓረፍተ ነገር መረጡ፣ አጭር፣ ሻይ ቤት ውስጥ የሚባል፦ ስንት ስኳር ላድርግልዎ። ዘይቱና አሥራ ሁለት ጊዜ አለችው። አሥራ ሁለቱንም ጊዜ ልክ ነበር። ሻዩ ተቀዳ፣ ትሪው ላይ ስኳሩ ተቀመጠ። ዘይቱና ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ወጣች፤ ኢፍቱ አንድ እርምጃ ኋላ ተከተለቻት። ስድስቱም ጠረጴዛ ሞልቷል፤ ዶሚኖው ቆሟል፤ ሙሳ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አድርጎታል።

አቶ ልሳነወርቅ ደክሞት ነበር። ቀኑን ሙሉ ስድስት መንገድ ዞሮ አጣርቷል። ዘይቱና ስትመጣ ሲያያት ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረገውና፣ ደንብ ሳያስብ፣ ቢሮው ውስጥ ሻይ ለምታቀርብለት ሴት እንደሚለው፣ «ነይ እስቲ፣ እዚህ አስቀምጪው። ይሄ ሙቀት እንዴት ነው የማይገድልሽ አንቺን?» አላት።

ኢፍቱ ይሄ ንቀት እንደሆነ ወዲያው ገባት። የእናቷን ፊት ስታይ ግን ፈጥና ተጠጋቻት። ዘይቱና ፈገግ ብላለች። ከመስከረም ወዲህ አንድ እንግዳ ሰው በአደባባይ «ነይ» ብሏት አያውቅም። «አንቺን» ብሏት አያውቅም። ዘጠኝ ወር ሙሉ ሰው ሁሉ እንደ ፖሊስ ሲያናግራት ከርሞ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ላብ ያጠመቀው የሰው ልጅ እንደ አክስቱ አናገራት።

«ይለመዳል ልጄ» አለችው። «እግርህን ነው የጨረሰህ፤ ጫማህን አውልቀው። ስንት ስኳር ላርግልህ?»

የሚገርመው፣ ሰውየው ጎንበስ ብሎ የግራ ጫማውን አወለቀ። አማት ቢጫ የሆነችው እሱ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ነው።

አሥር መቁጠር ረጅም ነው፣ ለሚቆጥረው። ኢፍቱ እናቷ ጆሮ ስር ገብታ «ላድርግልዎ በይ፣ እማ፣ ላድርግልዎ» አለቻት። አንድ፣ ሁለት። ዘይቱና አልደነገጠችም። ቃሉን ታውቀዋለች፣ አሥራ ሁለት ጊዜ ብላዋለች። ሦስት፣ አራት። አንዴ ልጇን አየች፣ አንዴ ከጀርባ ያለችውን ክፍል በር አየች። አምስት። ከዚያ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«ሰው አንቺ ብሎ ቀርቦኝ፣ እኔ እርስዎ ብዬ ላባርረው?»

ሌላ አላለችም። ትሪውን ይዛ ጠበቀች፤ የጠየቀችው ጥያቄ ገና አልተመለሰም። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር። አማት ያን ጊዜ ተናገረች፤ ድምፅዋ ለስላሳ ነው፣ የትኛዋም አማት ከምትናገረው የለሰለሰ። «ክቡር ሆይ፣ ክብርዎ ተነክቷል?»

«ሁለት» አለ አቶ ልሳነወርቅ።

ዘይቱና ሁለት ስኳር አደረገችና አማሰለችለት። አማት አልገባትም። «ክብርዎ ተነክቷል?» ብላ ደገመች። አሁን ሰዉ ሁሉ እሱን ነው የሚያየው። አልተነካም ቢል፣ ያችው አንዲት ቃል ብትወጣው፣ ነገሩ ሁሉ ያበቃል። ኢፍቱ ዓይኑን ስታየው ሊላት የተቃረበ መሰላት። ግን ሰውየው ጎንበስ አለና ጫማውን መልሶ አደረገ። ማሰሪያውን አሰረ፣ አጠበቀው። ቀና ሲል ሌላ ሰው ሆኗል።

«በግሌ ቢሆን ምንም አይደለም» አለ። «ክብር ግን የግሌ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ነው፤ ፈርሜ ነው የወሰድኩት። ተነክቷል።»

አማት ቀላች። ስድስቱም ጠረጴዛ ወንበሮቹ ቀስ ብለው፣ ማንንም ሳይገፉ፣ እንደ ሰለጠነ ሰው መሬት ውስጥ ገቡ። ዶሚኖው ፈሰሰ። ሙሳ ኮፍያውን ይዞ ቆመ። የአቶ ልሳነወርቅ ወንበር ብቻ፣ ሰማያዊ ቁልፍ ስላለው፣ አልገባም። ባዶ ሜዳ መሃል ብቻውን ተቀምጦ ሻዩን ጠጣ፤ የቀረበ ሻይ ጥሎ መሄድ ነውር መሆኑን ያውቃል። ዘይቱና ቆማ እስኪጨርስ ጠበቀችው፤ ጣፈጠህ ወይ ብላም ጠየቀችው። ብርጭቆውን በሁለት እጁ መለሰላት።

ሌሊት ዕቃ ሲያወጡ ኢፍቱ አልቻለችም። ሰውየው እኮ ንቆሽ ነው አንቺ ያለሽ፣ በንቀት ምክንያት ቤታችንን ሰጠሽ አለቻት። ዘይቱና ብርድ ልብሱን እያጠፈች ነበር።

«ቢንቀኝም ቀርቦ ነው የናቀኝ» አለች።

ኢፍቱ እስከ ንጋት አኮረፈቻት። የሚያድሩበት ሙሳ ሱቅ ውስጥ፣ በጨርቅ ጥቅሎች መሃል ነው፤ ወደፊት በምን እንደሚኖሩ ከሁለቱ አንዳቸውም አያውቁም። በማግስቱ ሠራተኞች መጥተው አማቷን ከኒሙ ላይ አወረዷት፤ ሰው የማይቀመጥበት ቦታ መስማት የኤሌክትሪክ ብክነት ነው። የግራና የቀኙ አማቶች የሚሰሙት የየራሳቸውን ወንበር ብቻ ነው። እንዲህ ሆኖ ከዚራ መሃል ላይ አንድ ቁራጭ ቦታ ተረፈ፣ ወንበር የሌለው፣ ጆሮም የሌለው።

ይሄንን መጀመሪያ ያወቀው ሙሳ ነው። ዘይቱና የቀረ ምጣዷን ልታነሳ ስትመጣ፣ አማት ወደነበረችበት ቀና ብሎ አየና፣ «አንቺ፣ ሻይ አምሮኛል» አላት፣ ለመሞከር። ምንም አልሆነም። ዘይቱና መሸጥ ተከልክላለች፤ ሰው ማጠጣት ግን ደንቡ ላይ የለም። ከሙሳ ሱቅ በትልቅ ማንቆርቆሪያ አምጥታ ቀዳችለት። በዚያው ምሽት ሃያ ሰው ቆሞ ጠጣ። በሁለተኛው ምሽት ስልሳ። ዳኛው ከዘራቸውን ተደግፈው መጥተው «አንተ በይኝ እስቲ» አሉ፤ «ምን ትፈልጋለህ አንተ?» አለቻቸው፤ ምንም አልፈለጉም፣ እንደዚያው ቆመው አመሹ። ፍቅረኛሞች መጥተው አንቺና አንተ ተባብለው፣ አፍረው፣ ይመለሳሉ። በግራና በቀኝ ያሉት ቤቶች ወንበሮቻቸው ባዶ፣ አማቶቻቸው ነጭ፣ ባለቤቶቻቸውም እዚህ ቆመው ናቸው። ኢፍቱ ብርጭቆ እያጠበች እጇ ተላጠ። ሰዉ እርስ በርሱ ሲገፋፋ አላየችም፤ ብርጭቆ ስምንት ብቻ ስለሆነ ሳይነገረው ተሰልፏል።

በሦስተኛው ምሽት አቶ ልሳነወርቅ መጣ። ቤቱ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ነው፤ ወረቀት ይዟል። ሰዉን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ወንበር የለም፣ ሽያጭ የለም፣ የሚመዘገብ የለም። ከዚያ ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደሚያደርገው በሰዉ መሃል ሰንጥቆ ቀጥ ብሎ ወደ ማንቆርቆሪያው ሄደ።

«አንተ» አለችው አንዲት ሸንኮራ ሻጭ፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ሰው ቆሟል እኮ። ሰልፉ አይታይህም?»

አቶ ልሳነወርቅ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ ቁልፏ ያለችበት። ሻጭዋ ቁልፏን አየቻት፣ ለምን እንደምታገለግል አላወቀችም። ወደ ዘይቱና ዞረ፤ ዘይቱና ተራው ለደረሰ ሸክም አውራጅ ነበር የምትቀዳው፣ ቀና አላለችም። ወደ ላይ አንጋጠጠ፤ ኒሙ ላይ የቀረው የተቆረጠ ሽቦ ብቻ ነው። ሰዉ አልሳቀበትም፣ አልተቆጣውም። ሰልፉን እንደያዘ ጠበቀው።

ሰውየው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ አስገባ። በመጣበት ተመልሶ ወደ ኋላ ሄደ፤ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ባዶ ብርጭቆ የምትሰበስበው ኢፍቱ አጠገብ ቆመ።

«ስንተኛ ነኝ?» አላት።

ኢፍቱ ለባለሥልጣን ነህ ብላ አታውቅም። በጣቷ እየጠቆመች ከፊት ጀምራ ቆጠረች፣ አንድም ሰው እንዳትዘል።

«አሥራ ሰባተኛ ነህ» አለችው።